የአምስቱ ዓሣ ሻጮች ዋስትና

እትዬ አደይ በጣና ዳር ዓሣ ሲሸጡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ጠዋት የተበላሸ ዓሣቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ሲቀብሩ፣ ሹም አቦ ከተባለው ሰፈር ወደ ሥራዋ የምትሄደው ዜማ ድንገት ደረሰችባቸው። ዜማ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ተቀጥራለች።

«እትዬ፣ ምነው? ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ምን ደኅና አለ ልጄ! ትናንት ገበያው ቀዘቀዘና አሥር ኪሎ ዓሣ ገማብኝ። ያውም በአራጣ ብር የገዛሁት!»

«መንግሥት እንደ እርስዎ ላሉት ያለ ቤት መያዣ ብድር ፈቅዷል ብዬዎት አልነበር? ማቀዝቀዣ ቢገዙበት ይህ ሁሉ ባልደረሰ።»

«ለብድር ብዬ ተመዝግቤ ግብር ልሸከም? ተይኝ እባክሽ!»

ፍርሃታቸው እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም፤ ከመዝገብ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ያዩ ሰው ናቸው። ዜማም ልትሸነግላቸው አልፈለገች።

«ገቢዎ ሲያድግ ግብር ሊመጣ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ግን ለአራጣ አበዳሪው በየወሩ ከመቶው አሥር ብር ይገብራሉ። ከዚህ የከፋ ግብር ከየት ይመጣል?»

እትዬ አደይ አፈሩን በእግራቸው ደልደል አደረጉ።

«እሺ ይሁን። አምስት ሆናችሁ ተዋዋሱ የምትሉትስ? አንዷ ብትጠፋ በሰው ዕዳ ልጠየቅ ነው?»

«አዎ፣ ይጠየቃሉ። ስለዚህ የሚያምኗቸውን ይምረጡ። በእድር የሞተውን አብራችሁ ትሸከሙ የለም እንዴ? በሕይወት ያለችውን መሸከም ስለምን ይከብዳል?»

ይህች ቃል ልባቸው ገባች። በሳምንቱ አራት ዓሣ ሻጮች አስከትለው ቢሮዋ መጡ። ከአራቱ አንዷ ከእትዬ አደይ ጋር በመሸጫ ቦታ ተጣልታ ሁለት ዓመት የተኳረፈችው ፀሐይወርቅ ነበረች።

«እሷንም?» አለች ዜማ በሹክሹክታ።

«ምላሷ መራራ ነው እንጂ ቃሏን አታጥፍም» አሉ እትዬ አደይ።

ማቀዝቀዣው ተገዛ፤ ያደረ ዓሣ መቅበር ቀረ፤ የአራጣውም ዕዳ ተዘጋ። በክረምቱ ፀሐይወርቅ ወባ ጥሏት ሁለት ወር ስትተኛ አራቱ ድርሻዋን ከፈሉላት፤ እሷም ድና እንደ ተነሣች ሳንቲም ሳታጎድል መለሰች።

ብድር በወጉ ሲያዝ ትርፉ ለኪስ ብቻ አይደለም። እትዬ አደይና ፀሐይወርቅ ዛሬ በአንድ ጥላ ሥር ይሸጣሉ፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ደንበኛዋን ታስተናግድላታለች።