ለሐኪሙ የምንመርጥለት ቁስል

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የማስታውቃችሁ ጉዳይ አለ፤ የኬኩ ቢላ ጠፍቷል። ስድስት ቀዶ ሐኪሞች በተቀመጡበት አዳራሽ አንድ ቢላ ታጣ። ፍለጋው ቀጥሏል። እስኪገኝ ድረስ፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ያሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ቆየሁ። ሁለቱ የጦርነት ዓመታት ናቸው፤ ሌሎቹን ሁሉ ዋጡብኝ።

በጦር ሜዳው ሆስፒታል አንድ ሐኪም ተመደበልን። አጎቱ የጦሩ አዛዥ ስለነበሩ "ባለ አጎቱ" አልነው። ደም ሥር ፈልጎ ከማግኘት አጎቱን በስልክ ማግኘት ይቀለው ነበር። አንዷ ነርስ "ዶክተር፣ የተመታው እኮ ግራ እግሩ ነው" ብትለው፣ "ይህንን ለአጎቴ ትነግሪዋለሽ?" አላት።

ማን ይናገር? አለቃችን ሁለት ጊዜ አመለከቱ፤ በሁለተኛው ደብዳቤ ማግስት ግንባር ተመደቡ።

እኛም መላ ዘየድን። በር ላይ ቁስለኛ የምለየው እኔ ነበርኩ፤ ከባዱን ለሌሎቹ፣ ጭረቱን ለእሱ። ጣቱ የተቆረጠውን እስከ ክንዱ በፋሻ ጠቅልዬ "ዶክተር፣ ከእርስዎ በቀር ይህን የሚደፍር የለም" እለዋለሁ። ደረቱን ነፍቶ ይገባል። ቁስለኞቹም ነገሩ ገብቷቸው ያቃስቱልን ነበር። ስንቱን እንዲህ አተረፍን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ወታደር ሹፌር በእግሩ መጣ። ጎኑ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቀዳዳ አለች።

"ሲስተር፣ እኔን ተዪኝ፤ የተጎዳችው መኪናዬ ናት" አለኝ።

ሳቅሁ። ከኋላው አርባ ሰው በቃሬዛ ተደርድሯል። የሚቀልድ ሰው ምን ይሆናል? ጠቅልዬ ወደ ባለ አጎቱ ሰደድኩት።

ደሙ ወደ ውስጥ ይፈስ ነበር። ባለ አጎቱ ቀዳዳዋን በሦስት ስፌት ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ። እኔ ስደርስ ሹፌሩ ቀዝቅዟል።

ባለ አጎቱ ሪፖርቱን ጽፎ አመጣልኝ። "ሞቶ የደረሰ" ይላል።

"ፈርሚ፤ ለሁለታችንም ይበጃል።"

ፈረምኩ። እናቱ እጅ የገባው ወረቀት ያ ነው። ባለ አጎቱን ለዓመታት ረገምኩት፤ እሱ ግን ቁስል መለየት አያውቅም ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

እናንተ በሩ ላይ የምትቆሙ ልጆቼ፣ ዓይናችሁ አይድከም፤ አንደበታችሁ አይታሰር። አጎት የሌለው ሁሉ በእጃችሁ ይዳን።

በመጨረሻም፣ በሪፖርት ቁጥር 412 በፊርማዬ "ሞቶ የደረሰ" ተብሎ የተገለጸው "በእግሩ የመጣ፣ እየቀለደ" በሚል ይታረም። ግልባጭ፦ ለእናቱ።