በመጻሕፍቱ ሽፋን ውስጥ የለጠፍኩት ሊንክ

ስም፦ በዋናው መዝገብ የተያዘ፤ በሰፈሩ «እማማ ገጽ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ መጽሐፍ ማዋስ
አድራሻ፦ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከልብስ ስፌት ቤቱ ጎን
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡40

ስለ ሊንኩ ተጠይቄ የማውቀውን እናገራለሁ። በቤቴ የፊት ክፍል 212 መጻሕፍት አውሳለሁ። ተጠርጣሪው ዋርሳዬ፣ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሥራው በኢንተርኔት ማስታወቂያ ማሰራጨት ነው።

ጥቅምት 8 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መጥቶ፣ ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዲመርጡ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ እንዳወጣ ነገረኝ። አጭር ሊንክ የታተመባቸውን ወረቀቶችም በየሽፋኑ ውስጥ እንድለጥፍ ሰጠኝ። ሳላነብ አልለጥፍም አልኩት። በክፍሉ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ከፈተልኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ የተዘለለ አንድ መጽሐፍ አግኝቼ አስጨመርኩት። ከዚያም ሁሉንም በእጄ ለጠፍኩ። ስልኬ ከመደወል በቀር ሌላ ስለማይሠራ ሊንኩን በስልክ ከፍቼ አላየሁም።

ኅዳር 9 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሊንኩ በስልኳ ሲከፈት መተግበሪያ አውርጂ እንዳላት፣ የእኔ መጽሐፍ ላይ ስላገኘችው ሳትጠራጠር እንዳወረደችው ነገረችኝ። መተግበሪያው በስልኳ ለተመዘገቡት ሁሉ በእሷ ቁጥር የመጽሐፍ ማዋሻዬ አድራሻ ያለበት መልእክት ልኳል። አንደኛው ይደበድባት የነበረውና ሸሽታው የመጣችው ባሏ ነው። ቢደውል እንድታውቀው ብላ ቁጥሩን ይዛው ነበር። በአዲሱ ቁጥሯ ደውሎ እንደሚመጣ ነግሯታል። «እማማ፣ መጽሐፍ ልዋስ ብመጣ እኔን ለሱ አዋሱኝ» አለችኝ።

እኔ ያነበብኩት ዝርዝር ነው ብዬ ተከራከርኩ። ያንኑ ሊንክ በኮምፒውተሩና በስልኳ ጎን ለጎን ከፈትነው። ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን፣ ስልኩ ማውረጃውን አሳየ።

ዋርሳዬን አስጠራሁት፤ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ሊንኩ በምን እንደተከፈተ መጀመሪያ እንደሚለይ፣ ኮምፒውተር ከሆነ ወደ ዝርዝሩ፣ ስልክ ከሆነ እንደ ስልኩ ዓይነት ወደ ማውረጃው እንደሚመራ፣ ባወረደ ሰው ቁጥርም እንደሚከፈለው አስረዳኝ። ይህ በየቦታው የሚሠራበት የተለመደ ነገር ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል አለኝ። ታዲያ ለምን ደበቅከኝ ስለው እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ ሳታነቢ እንደማታልፊ ስለማውቅ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያሳየሁሽ።»

ይህን ያወቀው ከእኔው አፍ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ማንበብ ስለማልችል ለቁስል ማጠቢያ የተሰጠንን መድኃኒት ለባለቤቴ አጠጣሁት፤ በማግስቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ከጠርሙስና ከጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ማንበብ የተማርኩት፤ ያላነበብኩትንም ለሰው አልሰጥም ብዬ ማልኩ። ይህን ከዋርሳዬ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ስሙን እንዳላነሳ እጄን ይዞ ለምኖኛል። ልጄ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ሊንኩን ሠርቶ ያስለጠፈኝ እሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ አሁን እኔ ዘንድ ተጠግታለች። ወረቀቶቹንም ከየሽፋኑ ልጬ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

መርማሪው ቃሌን ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያነብልኝ ሲል ታትሞ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። የእኔን ቅጂና መዝገቡ ውስጥ የሚገባውን ጎን ለጎን አድርጌ ሁለቱንም ራሴ አነበብኩ። አንድ ዓይነት ናቸው። የተናገርኩት እውነት ስለሆነ በሁለቱም ላይ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________