የመሪጌታ ድምፅና ዜሮ የሚሉት ጣሪያ

መሪጌታ ገብረሰንበት በገርጂ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወርዱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ስልክ ላይ የሚሰካውን አዲስ ማይክ በፌስታል አንጠልጥለዋል። የፎቁ ጎረቤታቸው ትግስት ላጲሶ፣ በቦሌ ሆቴሎች የድምፅ ባለሙያ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው መሐል ተገናኙ።

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ? ወዴት ነው?»

«ሃያ ሁለት ነዋ! ይኼን ደንቆሮ ማይክ ለሸጠልኝ ልጅ ልመልስለት!»

ንዴታቸው እንዲሁ አልነበረም። ሐሙስ ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው፤ ሐኪሙም «ድምፅዎ እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል» ብሏቸዋል። ከየኔታ የተቀበሉትን ዜማ ለተማሪዎቻቸው ሳይቀዱ ቢቀሩስ? 

ትግስት «ሳይመልሱት በፊት እስቲ ልስማው» ብላ አብራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሰችና የቀዱትን ሰማችው። እውነትም ይሰነጠቃል፣ ይንጫረራል። የማይኩ የድምፅ ማዞሪያ እስከ ጥግ ዞሯል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና መሪጌታ፣ ማይኩ ጤነኛ ነው። ከአቅሙ በላይ ጮኸውበታል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ማጉያው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ማይኩን ከንፈሬ ላይ ለጥፌ ነው ያገለገልኩት! ካልጮኸ ማን ይሰማዋል?»

«እኛም ቸርች ያው ነው! ማዞሪያው ጥግ ካልደረሰ ጸሎቱ የደረሰ አይመስለንም።»

መሪጌታ ሳይወዱ ሳቁ። በዚህ እንኳን አንድ ነን ለካ! አሉ በልባቸው።

«ይኼ ማይክ ድምፅዎን ወደ ቁጥር ይለውጣል» አለች። «የቁጥሩ ጣሪያ ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ባዶ አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ጋ ጣሪያ ነው። ድምፁ ሁሉ ከዜሮ ወደታች ይለካል፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም። ሲጮኹ የድምፅዎ ጫፍ ጣሪያው ላይ ይቆረጣል።»

«በኋላ ቀንሼ ባዳምጠውስ?»

«የተሰነጠቀውን ነው ቀንሰው የሚሰሙት። ጫፉ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም፤ ከየት ይመጣል?»

መሪጌታ ማይኩን አገላብጠው አዩት። ሳይጻፍ የቀረ ዜማ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል!

«ሻጩ ግን ‹እጅግ ስሱ ነው፣ ሹክሹክታ ይይዛል› ብሎኛል። ስሱ ከሆነ አይበልጥም?»

«ስሱነት የጥራት ማዕረግ አይደለም። ለዚያው ለአንዱ ድምፅ የቱን ያህል ትልቅ ቁጥር ይሰጣል ነው ነገሩ። ስሱው ጣሪያው ጋ ቶሎ ይደርሳል። ለሹክሹክታ ግሩም ነው፤ ለእርስዎ ጉሮሮ ግን ዝቅ እናድርገው። በጣም ዝቅ ካለም ድምፅዎ ማይኩ ራሱ በሚያሰማው ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ ይዋጣል። በንጽሕና የተቀዳውን በኋላ ከፍ ማድረግ ቀላል ነው።»

ማዞሪያውን ቀነሰች፤ እሳቸውንም ከማይኩ ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠች። መሪጌታ እየተጠራጠሩ አዜሙ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀችላቸው።

መጀመሪያ የገዛ ትንፋሻቸው ተሰማቸው። ቀጥሎ ዜማው መጣ፤ ርክርክ የሚባለው የዜማ ምልክት ላይ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ እያንዳንዷ ንዝረት ለብቻዋ ትሰማለች። አማተቡ።

«በስመ አብ! ይኼ እኮ የኔታ ናቸው! እንዲህ አድርገው የሚያርገበግቡት እሳቸው ነበሩ። እኔ ውስጥ መኖራቸውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም!» እንባቸው ወረደ። ትግስትም ቅጂውን ከመጀመሪያው መልሳ ከፈተችላቸው።

እስከ ረቡዕ ማታ ቀዱ። በደብራቸውም የድምፅ ማጉያው ተቀነሰ፤ ጩኸት ብቻ ይሰማው የነበረው ሰፈር ዛሬ ቃሉን ይለያል፤ ተማሪዎቹም ከቅጂው እየሰሙ ያጠናሉ።

ከሕክምናው በኋላ የመሪጌታ ድምፅ አልተመለሰም፤ ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። ትግስት ልትጠይቃቸው ስትገባ ማይኩ ፊታቸው ተተክሎ ነበር። አንድ ተማሪ የሳተውን ዜማ ሊያርሙለት ነው። ቀረብ እንድትል በእጃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ያ ሻጭ እውነቱን ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን ከፍ አድርጊልኝ።»