ሰው የሌለበት ፎቶ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኢዮስያስ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የስፌት ክፍል እመቤቶች፣ የመጋዘን ጌቶች፣ እንዲሁም ኬኩን አይታችሁ ብቻ የገባችሁ ወገኖቼ፤

ይህን ድግስ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአንድ ስፖንጅ ቆራጭ ይህ ሁሉ ይገባዋል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ይገባዋል። እንዲያውም ዘግይታችኋል።

ይህን ንግግር የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አምና ቢሆን ሌላ ሰው ጽፎልኝ፣ ሌላ ሰው አንብቦልኝ፣ እኔ እንደ ሙሽራ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ኮልፌ ውስጥ ያላነበብኩት ታፔላ የለም። የጥርስ ሕክምናውን፣ የጎማ ጥገናውን፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሁሉ አንብቤአለሁ። የመጨረሻውን ለብዙ ዘመን ሳላከብር የኖርኩት ባለማወቅ ነው።

ስለ ሥራዬ ብዙ አልናገርም፤ ማታ ስትገላበጡ ራሱ ይናገራል። ከእናንተ መካከል እኔ በቆረጥኩት ስፖንጅ ላይ ያልተኛ ማን አለ? ከዘነበወርቅ እስከ ጦር ኃይሎች ግማሹ ሰው የሚያንኮራፋው በእኔ እጅ ነው። ሙሽሮች የተሞሸሩበት፣ ሕፃን የሸናበት፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ጀርባ ተሰጣጥተው ያደሩበት፣ ሁሉም የእኔ የመሸሻ ስፖንጅ ነው።

ዛሬ ደግሞ ፋብሪካችን ፍራሽ ሸለመኝ። አመሰግናለሁ። ጠርዙን ዳበስ ሳደርገው እኔው የቆረጥኩት ነው፤ እጄን አውቀዋለሁ። የሁለት ሰው ፍራሽ ነው። አቶ ኢዮስያስ፣ ባለቤቴ ሰርኬ ካረፈች ቆይታለች። የዚያኛውን ወገን ምን ላድርገው?

ጥሩ፣ ሳቃችሁ። እንድትስቁ ነው የጻፍኩት።

ዛሬ ሁለት ነገር ገጥሟል። አንደኛው የእኔ ጡረታ፣ ሁለተኛው የፎቶ ማኅበራችን የዓመቱን ፎቶ የሚያሳይበት የጳጉሜ ዝግጅት ነው። ለአዲስ ገቢዎች ላስረዳ። እኛ ካሜራ የለንም፤ ያለን ስልክ ነው። በወር አንድ እሁድ በፋብሪካው ሰርቪስ ገፈርሳ፣ ወጨጫ፣ መናገሻ እንወጣለን። ወፍ፣ ዛፍ፣ ጉም፣ ያገኘነውን እናነሳለን። ጳጉሜ ሲገባ ከእያንዳንዳችን አንዳንድ ፎቶ ታትሞ እዚህ ክበብ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ስንበላ እናየዋለን።

እኛ ዘንድ ግን ማንም የራሱን ፎቶ አይመርጥም። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም የራሱን መርጦ ግድግዳው በሙሉ የፀሐይ መጥለቂያ ሆነ። ያኔ የመጋዘኑ ኢብራር ተነሥቶ፣ «ወላጅ በልጁ መልክ አይፈርድም። ስልክህን ሰርቪስ ላይ ከጎንህ ለሚቀመጠው ስጥ፤ እሱ ይምረጥልህ» አለ። ሁለተኛውን ደንብም ያመጣው እሱ ነው፦ ሰው ያለበት ፎቶ አይሰቀልም። «የሰው ፊት የሚፈልግ ፎቶ ቤት ሄዶ ጉርድ ይነሳ» ብሎ ዘጋው።

በዚህ ማኅበር ውስጥ አንደኛው ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ። ይህን የምለው እኔው ብሆንም እውነት ነው። በቆሼ በኩል አጥር ላይ ቆሞ ሳለ ያነሳሁትን አባ ኮዳ የሚባል ወፍ ታስታውሱታላችሁ? ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ መላጣውን ደፍቶ። የሰርቪሳችን ሹፌር ነገሬ አየውና፣ «ጋሼ፣ ሰው ያለበት አይገባም ተብሎ የለም እንዴ? ሥራ አስኪያጁን ምን ብለው አነሷቸው?» አለኝ። አቶ ኢዮስያስ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ነገሬ ከፎቶዬ ሥር ምን ተብሎ እንደተጻፈ ስጠይቀው ለዓመታት፣ «ወደር የሌለው ፎቶ አንሺ ጋሽ መሸሻ ይላል» ይለኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ እየጎተትኩ ወስጄ አሳይቻለሁ። ዘንድሮ ራሴ ባነበው፣ «ወፍ። መሸሻ።» ነው የሚለው። ነገሬ፣ አልተቀየምኩህም። ያንተ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

ትናንት ምሳ ሰዓት ስልኬን ለጉዲቱ ሰጠኋት። የስፌቷ ጉዲቱ ሰርቪስ ላይ ከጎኔ የምትቀመጠው ናት፤ መስኮቱን እኔ እይዛለሁ፣ ወሬውን እሷ ትይዛለች። «ልጄ፣ ሁሉም ምርጥ ስለሆነ እንዳትቸገሪ» ብዬ አቀበልኳት። በአውራ ጣቷ እየገፋች ማየት ጀመረች።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ክርን ነው?»

«የነገሬ።»

«ይሄስ ጥላ?»

«የኢብራር መሰለኝ። ሰፊ ነው።»

«እንዴ፣ ይሄ የኔ ሻሽ ነው! አነሳኋት ያሉኝ የገፈርሳ ዝይ የታለች?»

«ከሻሽሽ ኋላ። ያቺ ግራጫ ነጥብ።»

«ኧረ ጋሼ! ይሄን የዝይ ፎቶ ይሉታል?»

«ራቅ ብላ ነው እንጂ ትልቅ ናት።»

እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። እየገፋች ስትሄድ ግን ሳቋ እየቀነሰ መጣ። በየፎቶው አንድ ሰው አለ። የአንዱ ትከሻ፣ የአንዱ ጫማ፣ ዳቦ የያዘ እጅ። ወጨጫ ላይ ጉሙ ሲወርድ ያነሳሁት እንኳ ጉሙን አልነበረም፤ ጉሙ ውስጥ እየተጠራራችሁ የምትሄዱትን እናንተን ነው። ማንሳት አቅቶኝ አይደለም፣ ይህ ይሰመርልኝ። ወፍማ እቤቴ ጣሪያ ላይም አገኛለሁ።

በመጨረሻ ጣቷ ቆመ። «ይሄ ደንቡን ያሟላል» አለች።

ሳር ነው። ገፈርሳ፣ ሰኔ ላይ፣ ድንገት ዝናብ የጣለ ቀን። ክብ ሠርተን ተቀምጠን ዳቦ ስንቆርስ ዶፉ መጣና ሁላችሁም ወደ ሰርቪሱ ሮጣችሁ። የእኔ ጉልበት እንደምታውቁት ከዝናብ ጋር አይሽቀዳደምም። ተነሥቼ ቀና ስል ማንም የለም። የተቀመጣችሁበት ሳር ግን በየቦታው እንደተጋደመ ነበር። እዚህ ጉዲቱ፣ እዚያ ኢብራር፣ ከድንጋዩ ሥር ነገሬ እያልኩ ማን የት እንደነበረ መለየት እችል ነበር። ሳሩ ቀስ እያለ ቀና ማለት ሲጀምር ስልኬን አወጣሁ። ነገሬ ጥሩምባውን እየነፋ፣ «ጋሼ! ሳሩን አጭደው ሊመጡ ነው?» ይላል።

«እሱን ተይው፣ በስህተት የተነሳ ነው» አልኳት ጉዲቱን።

«በስህተትማ ይሄን ያህል ደጋግመው አያነሱትም።»

«ሳር ነው በቃ።»

«ጋሼ፣ ምን አይተው ነው?»

«ዝናቡን» ብዬ ስልኬን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

ይህ ፎቶ በስሜ ዓመቱን ሙሉ እዚህ እንዲሰቀል አልፈለግኩም። ለመንኳት። «የሻሹን ምረጪ፣ ግማሽ ዝይ ይታያል» አልኳት። እሷ እቴ! «የምመርጠው እኔ ነኝ። ካልተስማማዎት ነገ በሰው ፊት ይቃወሙ» አለችኝ። ስለዚህ እዚህ የቆምኩት ልቃወም ነበር። ጥሩ ጥሩ ስድብም አዘጋጅቼ ነበር።

ግን ብዕሬን አንስቼ መጻፍ ስጀምር አንድ ነገር መጣብኝ። ለከርሞ ማን ይመርጥልኛል?

ደንባችን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ያነሳል፣ ከጎኑ ያለው ይመርጣል። ሰርቪሱ ደግሞ ለሠራተኛ ብቻ ነው፤ ኢንሹራንስ አለ፣ ይገባኛል። የሥራ መታወቂያዬን ዛሬ ጠዋት አስረክቤአለሁ። ልጄ ራኬብ ወልቂጤ ናት። «አባዬ፣ ና ከእኛ ጋር ኑር» ትለኛለች፣ ትባረክ። ግን እዚያ ማን ይሰድበኛል? ደፍሮ የሚሰድብ ወዳጅ በአንድ ክረምት አይበቅልም። አጠና ተራ ያለው ቤቴ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። ቴሌቪዥን ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እላለሁ። «ያኑርህ» ያለኝ እስካሁን የለም።

አቶ ኢዮስያስ ቅድም፣ «ጋሽ መሸሻ፣ በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብለዋል። ከልብዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ጋሽ ገብረማርያም ጡረታ ሲወጡም ይኸው ተብሏል። መጥተውም ነበር። ማሽኑ እየጮኸ «እንዴት ነዎት?» ይባላሉ፤ «ደህና» ሲሉ አይሰማም። ሻይ ቆመው ጠጥተው ይሄዳሉ። የማንም ክፋት አይደለም፤ ማሽን እንግዳ መጣ ብሎ አይቆምም። ኋላ መምጣቱን ተዉት። እኔ ስለዚህ በዚያ በር አልመጣም። ኩራት ነው በሉ፤ ያምርብኛል።

በፎቶው ላይ ግን ተቃውሞዬን ትቻለሁ። ጉዲቱ፣ ሳሩ ይሰቀል። በልታችሁ ተነሥታችሁ ስትወጡ አንዳንዴ ዞር ብላችሁ እዩት።

የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። በመስከረም የመጀመሪያው ጉዞ፣ እሁድ ጠዋት፣ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራው ጋ ቆሜ እገኛለሁ። ኮቴን ለብሼ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ። ሰርቪሱ በዚያ ያልፋል። ነገሬ፣ እንዳታቆምልኝ፤ እንጀራህ ነው። ጥሩምባ ብቻ ንፋልኝ። ከመካከላችሁ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ የዚያን ቀን ሰርቪሱን ትቶ ከእኔ ጋር ታክሲ እየቀያየረ ገፈርሳ ድረስ ቢመጣ ይበቃኛል። ወያላ ይጮኽብናል፣ ትርፍ ይጫንብናል፣ ጉልበታችን ከጉልበታችን ይጋጫል። ፎቶ ባያነሳም ግድ የለኝም። ከጎኔ ይቀመጥ።

አሁን እጅ እንዳታወጡ! ኬክ ፊት ሁሉም ሰው ደግ ነው። የዚያን እሁድ ጠዋት አልጋችሁ ሲሞቃችሁ ነው የምትፈተኑት፤ ያ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስፖንጁን አሳምሬ ቆርጬዋለሁ። ማንም ባይመጣም እሄዳለሁ። ማንም ስለማይከልለኝ ዝይዋን ቀረብ ብዬ አነሳታለሁ፣ ላባዋ እስኪቆጠር። ኢብራር፣ ያኔ ደስ ይበልህ። ፎቶዬ ደንቡን ያሟላል፤ ሰው አይኖርበትም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፣ ለምርቃት ደርሻለሁ። መጪውን ዓመት የጤና ያድርግላችሁ። ማሽኑ ጣታችሁን አይንካ። ያላገባችሁ አግቡ፤ ያገባችሁ ጀርባ አትሰጣጡ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። አቶ ኢዮስያስ፣ ሥራዎን ያስፋልዎ፤ ቀልዴን የቻሉበት ሆድ ይባረክ። ኢብራር፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ደንብህንም ትንሽ ያላላልህ። ነገሬ፣ መንገዱ ቀና ይሁንልህ። ጉዲቱ ልጄ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ።

ሁላችሁንም ከጎናችሁ የሚቀመጥ አያሳጣችሁ። አሜን በሉ።