ጎተራ የሚያነሳ ድምፅ

ከፉሪ ወደ ዓለም ገና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ያለውን ደልዳላ ወጣት ክንዱን ዳበስ አደረጉት።

«ይሄ ሁሉ ክንድ በሬ ሳትጠምድ መጣ?»

«ጂም ነው አባባ። ብረት አነሳለሁ።»

«አንስተህ የት ታደርሰዋለህ?»

«እዚያው መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

«አዬ ኢልማ ኮ፣ አዬ ልጄ። እኛ ጎተራ እንዳለ ተሸክመን ወንዝ እናሻግር ነበር።»

«አንቱም ተሸክመው? በዚህ ሰውነት?»

«እኔማ ድሮም ከሲታ ነኝ። የኔ ሥራ ከፊት ሆኜ ሆ ማለት ነበር። ሆ ስል የዚያ ሁሉ ሰው እግር እኩል ይነሳል። እኩል ካልተነሳ ጎተራው ይዘምና ምርጊቱ ይረግፋል፤ ጉልበተኛ ቢሞላ ምን ዋጋ አለው?»

«ያ ጎተራ አሁን አለ?»

«አለ። ግን ቦታችን ለቤት ተሸጠ፤ ቅዳሜ ወደ ልጄ ግቢ እገባለሁ። ልጄ ጎተራውን ፈልጠን እንማግደው ይላል። እናቱ ናት የመረገችው፤ ነፍሷን ይማር፣ የጣቶቿ አሻራ እስካሁን ጭቃው ላይ አለ።»

«ታዲያ ሰው ይጥሩ እንጂ።»

«የኔ ሰዎች ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ምርኩዝ ይዟል።»



«ቅዳሜ የጂም ልጆችን ይዤ ልምጣ። ድምፁስ አለ ግን?»

«ሳል በላው መሰለኝ።»

«እስቲ ይሞክሩት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀስ ብለው «ሆ» አሉ።

ቀኝ እግሬን ከወንበሩ ሥር ብድግ ብሎ አገኘሁት።