ትንሹ ካትልፊሽ እጁን ለምን ይደብቃል?

ነይ ግሌኒስ፣ እዚህ ተቀመጪ፤ ማሞቂያው በዚህ በኩል ነው። ንፋሱ ዛሬ ከባሕሩ ጥርሱን ስሎ ነው የመጣው። የሥጋ ፓዩን በትኩሱ ብዪው፤ የክለቡ ሴቶች ዛሬ ሥጋ አልሰሰቱም። እህትሽስ? ፖርት ሊንከን ሦስት ሳምንት ስታስታምሚያት ከርመሽ ጉልበቷ ተሻላት? ተመስገን።

አንቺ ሳትኖሪማ ስንቱ አመለጠሽ... ቤተ መጻሕፍታችን ለልጆች የቪዲዮ ጌም ሥራ ትምህርት ከፍቶልሽ ነበር። ዝም ብሎ ጌም አይደለም፤ ከሳይንስ ጥናት የሚነሣ። ዶክተር ኔሪዳ፣ ያቺ በየክረምቱ እዚሁ ዋያላ ባሕር እየጠለቀች ካትልፊሾቹን፣ እነዚያን እንደ እስስት ቀለም የሚቀያይሩ ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳት የምታጠናዋ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ማስታወሻዋን ለልጆቹ ዘርግታ ሰጠች። አስተማሪው ደግሞ ከአደሌይድ መጣልን።

ስሙን? ስሙ ምን ያደርግልሻል፤ ጥሩ ሰው ነው። የቀለም ሰው! ቀለም እንደሱ የሚያውቅ አላየሁም... ጠዋት ከትልልቆቹ ጋር አንድ ቀለም፣ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ሌላ ቀለም።

ድምፄ በዛ እንዴ? ጆሮሽ የከበደሽ መስሎኝ ነው። አልከበደሽም? ታዲያ ለማን ነው የምጮኸው... ከኋላሽ ያለው ሰውዬ እንደሆነ ጋዜጣ እያነበበ ነው። ከመጣሽ ጀምሮ ገጽ አልገለጠም እንጂ።

ታምሲንን ታውቂያታለሽ፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛው የሮዋን ልጅ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ማስታወሻውን ሦስት ጊዜ አንብባ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። ትልልቆቹ ወንድ ካትልፊሾች ሴቶቹን ከበው ይጠብቃሉ አሉ። ትንሹ ወንድ ጉልበት የለው፣ ምን ያድርግ? የሴቷን ቀለም ይለብስና ረጅም እጁን ሰብስቦ በትልቁ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ተጫዋቹ ያንን ትንሹን ይሁን አለች።

አስተማሪያችን በትሕትና ሳቀ። እንዲህ ያለውን ማንም አይጫወትም፣ ይልቅ ሽጉጥ እናስይዛቸው አላት። ስምንት እጅ፣ ስምንት ሽጉጥ... አየሽ ምርምር? ዶክተር ኔሪዳ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ጠልቃ ይሄን አላገኘችውም።

ልጅቷም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መደርደሪያው ጀርባ ያለውን ጠረጴዛ ያዘች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አልረበሻቸውም። እንዲህ ያለ ለልጅ ነፃነት የሚሰጥ አስተማሪ ዛሬ ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ ስመልስ ስታለቅስ አገኘኋት። ጌሙ ላይ የትንሹ ቀለም አልቀየር ብሏታል። ሻይ አመጣሁላትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። “እሱ ትክክል ቢሆንስ? ማንም ባይጫወተውስ?” አለችኝ። እኔ ልሞክረው አልኳት፤ ስልኬን እንኳ በቅጡ መክፈት የማልችለው ሴትዮ። ሰባቴ ትልቁ ያዘኝ። በስምንተኛው አለፍኩ! ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ሰው ዝም ባሰኘሁበት ቤተ መጻሕፍት ጮኼ ሰውን ሁሉ አስደነገጥኩ።

የማሳያው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። በመጀመሪያ አስተማሪያችን የሠራው ባለ ሽጉጡ ጌም ተከፈተ፤ ካትልፊሹ አንዴ ተኮሰና ድርቅ አለ። ቢነካኩት፣ ቢያጠፉ ቢያበሩት... ወይ ፍንክች። እሱ ግን መች ይደነግጣል? “አሁን ወደ ዋናው ሥራዬ እንለፍ” አለና የታምሲንን ጌም ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የሱ ስም፣ የዳቦ ያህል። የልጆቹማ ነበረ እንጂ፣ ከታች፣ መነጽር ላደረገ ሰው። ታምሲን አንገቷን ደፋች። እኔ የያዝኩትን ኩባያ የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዶክተር ኔሪዳ እጇን አወጣች። ትንሹ ሲያልፍ እጁን ለምን ይደብቃል ብላ በጨዋ ደንብ ጠየቀችው።

“ይበርደዋል፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነው” አላት።

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ገረመኝ... እጅ መሰብሰብን ከሱ በላይ የሚያውቅ አለ ብዬ ነው?

ኔሪዳ ዞር ብላ ታምሲንን ጠየቀቻት። ልጅቷ ተነሣች። “ረጅም እጅ ያለው ወንዱ ነው፤ ማንነቱን ያጋልጥበታል። ስለዚህ እጁን ይደብቃል፣ የሌላውን ቀለም ይለብሳል፣ የሱ ያልሆነ ቦታ ይገባል” አለች። ልጅ ናት፤ ስለ ካትልፊሹ ብቻ ነው የተናገረችው። ሰዉን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሁሉም ዐይኑን ከስክሪኑ ላይ አንሥቶ እሱ ላይ ተከለ።

ከዚያ በኋላ ታምሲን አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረች። በማግስቱ የልጆቹ ስም ከላይ ተጻፈ። ኔሪዳም ሦስቱን በሚመጣው ክረምት ጀልባዋ ላይ ልትወስዳቸው ቃል ገባች። ሮዋን የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጥቶ የልጁን ጌም ተጫወተ፤ ሲያዝ ሲያዝ ቆይቶ ባለፈ ጊዜ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። አስተማሪያችንንም አልረሱትም፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ከታምሲን ኋላ ግማሽ ጆሮው ይታያል።

ውይ፣ ሰውዬው ሊነሣ ነው፤ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም፣ ጆሮው ግን ቀልቷል... ደህና ይግባ። እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም ግሌኒስ። ለአስተማሪያችንም ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ በሄደበት ሁሉ ጎበዝ ልጆች ይግጠሙት። ብቻ... እግዜር ስሙን የሚጽፍበት የሰው ሥራ አያሳጣው።