የወይዘሮ አልጣሽ መቀመጫ

ባለፈው ጥቅምት ጨለለቅቱ ከተማ ላይ ከሞተር ወርጄ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ አንድ ወጣት የተሰበረ የእንጨት መቀመጫ ታቅፎ መንገድ ዳር ቆሞ አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው ትንሳኤ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ። አዲስ አበባ ዲዛይን ተምሮ፣ ሦስት ዓመት በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠርቶ፣ አሁን ዲላ ላይ የራሱን ትንሽ ወርክሾፕ ከፍቷል።

"ምነው ልጄ፣ ማን ሰበረው?" አልሁት።

"እኔው ነኝ፣ መምህር። እቴቴ ተቀምጠውበት ሳሉ ተገለበጠና ጣላቸው" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እቴቴ የሚላቸው ያሳደጉትን አክስቱን፣ ወይዘሮ አልጣሽን ነው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ሁለት ዓመት አልፏል። መሬት ተቀምጠው እንሰት ሲፍቁ ይውሉና ሲመሽ መነሳት ያቅታቸዋል። ልጆቻቸው "ይተዉት፣ ቆጮ ከገበያ እንገዛለን" ቢሏቸው አኮረፉ፤ በእጃቸው ያልፋቁትን መብላት ለእሳቸው ከቤታቸው እንደ መባረር ነው። ትንሳኤ ይህን ሰምቶ መቀመጫ ሠራላቸው፤ መቀመጫውም ጣላቸው።

አብሬው ሄድሁ። ወይዘሮ አልጣሽ ደጃፍ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ተጎድተው እንደሆን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"ደህና ነኝ፣ መምህር። ይልቅ ይሄን ልጅ ይምከሩልኝ። አምስት ዓመት ተምሮ አናጢ ሆኖ መጣ እኮ!"

"አናጢ ብሆንም አላፍርም፣ እቴቴ" አለ ትንሳኤ በትሕትና። "መሳል፣ መለካት፣ እንጨትና ብረት መሥራት ተምሬያለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ዕቃ ሰውን ከጎዳ ጥፋቱ የሠሪው እንጂ የተጠቃሚው አይደለም። ዛሬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አጠፋህ?"

"ሲፍቁ አይቼዎት ስለማላውቅ ነው።"

የወይዘሮ አልጣሽ ፊት ተለወጠ። በእኛ ሰፈር ልማድ ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ አይጠጋም። ትንሳኤ ልማዱን አክብሮ አሠራሩን የጠየቀው አጎቱን ነበር፤ አጎቱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ በልበ ሙሉነት አስረዱት። ልስቅ ቃጣኝ፤ እኔም ብጠየቅ እንደዚያው እንደማስረዳ ትዝ ሲለኝ ግን ተውሁት።

"ወንድ ካየው ቆጮው ይበላሻል" አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። "እናቴ እንዲህ ነው ያለችኝ።"

"እቴቴ፣ ፋብሪካ እያለሁ ለማላውቀው ሰው ወንበር እስል ነበር። ማን እንደሚቀመጥበት፣ የቱ ጋ እንደሚያመው አላውቅም። የወጣሁት ለዚህ ነው። አሁን እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ባለሥራውን አያለሁ፤ እጁን፣ እግሩን፣ መቼ እንደሚያቃስት። ለእርስዎ ግን፣ ላሳደጉኝ፣ ሳላይ ሠራሁ" አለ።

"ቢበላሽስ?"

ይኼኔ ጣልቃ ገባሁ። "ወይዘሮ አልጣሽ፣ በአንድ እንሰት ይሞከር። ቆጮው ከተበላሸ እንሰቱን ከጓሮዬ እተካለሁ። ጉልበትዎን ግን ማን ይተካዋል?"

እሳቸውም ልጁን አይተው፣ "ና በል" አሉት። "ገላህን ያጠብሁህ ልጅ፣ ከአንተ ምን እደብቃለሁ?"

ተያይዘው ጓሮ ገቡ፤ እኔ ከእንሰቱ ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀረሁ። ድምፃቸው ብቻ ይሰማኛል።

"ቀኝ እግርዎን ወደ ላይ አንስተው ነው እንዴ እንሰቱን ከሚፍቁበት ሳንቃ ጋር የሚይዙት?"

"ታዲያ በምን ልያዘው?"

"እኔ ሁለቱም እግርዎ መሬት የሚረግጥ መስሎኝ ነበር። ወደ ኋላ የገለበጠዎት ይሄ ነው።" ቀጥሎም፣ "ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ እየሆኑ ነው ያበሉኝ?" አለ።

"አታልቅስ። ለካ፤ ለካና ውጣ።"

ሁለተኛው መቀመጫ ጠበባቸው። ሦስተኛውን ራሳቸው ወይዘሮ አልጣሽ የቱ ጋ እንዲቆረጥ በከሰል አመለከቱ፤ ያኛው ልክ መጣ። ከሁለት ወር በኋላ የተፋቀው እንሰት የተቀበረበት ጉድጓድ ሲከፈት ቆጮው እንደ ወትሮው ነጭ ነበር። ቀምሰው አንገታቸውን ነቀነቁና፣ "እናቴ ይህን ብታይ ኖሮ እሷም ትቀመጥበት ነበር" አሉ።

ዛሬ ሲመሽ ያለ ደጋፊ ይነሳሉ። አምስት ጎረቤቶቻቸው መቀመጫ አሠርተዋል፤ ትንሳኤ የእያንዳንዷን እግር ለብቻ ለክቶ። ወይዘሮ አልጣሽ "ወንዶቹም ይምጡና ይዩ" ስላሉ ባሎቹ መጥተው አዩ። ካዩ በኋላም ከባዱን ግንድ ተሸክመው ማምጣት ጀምረዋል። ሰው ያየውን ድካም ለመካፈል ብዙ ምክር አያስፈልገውም።

እኔ አርባ ዓመት ከባለቤቴ እጅ ቆጮ በልቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጓሮ ወርጄ፣ "ስትፍቂ ልይሽ?" አልኋት። አሞኝ እንደሆን ግንባሬን ዳሰሰች። ከዚያ መፋቂያ ቀርከሃዋን አስቀምጣ ጉልበቷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። አብጧል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ትንሹ ልጃችን ከተወለደ ጀምሮ ነው አለችኝ። ትንሹ ልጃችን ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።